ምዕራብ የሚያየው ግድግዳ

«ሁለቱንም እንዴት አድርገን እንችላለን? ክፍሉን አይተሽዋል እኮ፣ አንድ አልጋ ነው የሚያስገባው» ሲል ሰማው ልጁን። ሰዓት ሠሪው ወጥ ቤት ቆሞ የሻይ ብርጭቆ እያጠበ ነበር። ለመስማት ብሎ አይደለም፤ የመኝታ ቤቱ በር ካበጠ ቆይቷል፣ በትከሻ ካልገፉት አይገጥምም፣ ልጁ ደግሞ ከተወለደ ጀምሮ በር ገፍቶ ዘግቶ አያውቅም። ውሃውን ዘጋና ጆሮውን አቆመ። የሚጠብቀው የልጁን ነገር ሳይሆን የሚስቱን መልስ ነበር። ከአርባ ዓመት በላይ አብራው የኖረች ሴት፣ አምስተኛ ፎቅ ላይ ተኝታ እንኳ ለሕንፃው ጥበቃ ትእዛዝ የምትልክ ሴት፣ ለዚህ አንድ ነገር ሳትል አትቀርም ብሎ ጠበቀ። ምንም አላለችም። ከዚያ ድምጿ መጣ፣ «በሩን ግጠመው» አለች። ተገጠመ። ከዚያ በኋላ ሰዓት ሠሪው የሰማው ጉምጉምታ ብቻ ነው።

ነገሩ ለእሱ አዲስ አልነበረም። ቅዳሜ ልጁ መጥቶ እናቱን ወደ ራሱ ቤት እንደሚወስዳት ከተነጋገሩ ሰንብተዋል። የልጁ ቤት ከከተማው ዳር ካሉት አዲስ ሰፈሮች በአንዱ፣ መሬት ላይ ነው፤ ደረጃ የለውም፣ ክሊኒክ አጠገቡ አለ፣ ምራቲቱም መድኃኒት ቤት ስለምትሠራ መርፌውንም ክኒኑንም ታውቅበታለች። እዚህ ደግሞ አምስት ፎቅ ነው። ሕንፃው ሲሠራ ለአሳንሰር ቦታ ተተወለት እንጂ አሳንሰሩ አልገባም፣ ቦታው አሁን የብስክሌትና የአሮጌ ባልዲ ማስቀመጫ ሆኗል። የሴትየዋ ግራ ጎን አልታዘዝ ካላት ወዲህ ደጅ ወጥታ አታውቅም። እንግዲህ ሁሉም ነገር ልክ ነው። በነገሩ ውስጥ አንድ ክፉ ሰው ቢኖርበት ኖሮ ሰዓት ሠሪው ደህና አድርጎ ይጣላ ነበር፤ ግን የለበትም። ልጁ ደህና ልጅ ነው፣ ምራቱም ደህና ሴት ናት፣ ልጆች አሏቸው፣ ቤታቸው ጠባብ ነው። «አባዬ ደግሞ ጎበዝ ነው፣ ራሱን ይችላል» አሉ። ሰው ራሱን ይችላል ተብሎ ሲመሰገን እንዲህ ያማል ብሎ አስቦ አያውቅም ነበር።

ልጁ ሲወጣ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆም አለ። የአባቱን ትከሻ ነካ አድርጎ «ዳቦ አምጥቻለሁ አባዬ፣ ትኩስ ነው» አለው። ዓይኑን ግን አላየውም፤ ያየው እጁ ላይ ያለውን ብርጭቆ ነው። አባትየውም «እግዜር ይስጥልኝ» አለ። የገዛ ልጁን እንደ እንግዳ ለምን እንዳመሰገነው ራሱም አልገባውም። መሃላቸው ብዙ የሚባል ነገር ነበር፣ ለምሳሌ «እኔስ?» የምትለዋ ቃል አንድ ትንፋሽ አትፈጅም ነበር፤ ግን አባት እንዲህ ያለውን ለልጁ የሚለው እንዴት አድርጎ ነው? የልጁ ጫማ ድምፅ ደረጃው ላይ እስኪጠፋ ድረስ ንጹሑን ብርጭቆ ደግሞ አጠበው።

«አንተ! ና እስቲ፣ ዛሬ ሥራ አለ» ብላ ጠራችው ሚስቱ። የልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ የመስመር አለቃ ነበረች፤ ጡረታ ከወጣች በኋላም ጎረቤቱ፣ ባለሱቁ፣ ባሏም ጭምር «አለቃ» ነው የሚላት። ሥራ የምትለው አሻንጉሊቶቹን ነው። ሁለት ናቸው፣ ወንድና ሴት፣ ቁመታቸው ከመሃል ጣት እምብዛም አይበልጥም። እንዲያው ደርቀው የሚቆሙ ዓይነት ግን አይደሉም፤ አንገታቸው ይዞራል፣ ክርናቸው፣ ወገባቸው፣ ጉልበታቸው፣ ቁርጭምጭሚታቸው ሳይቀር ይታጠፋል። ውስጥ ለውስጥ ቀጭን ላስቲክ ነው ያያያዛቸው፤ ላስቲኩ ሲላላ አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰክቶ የሚለውጥላቸው እሱ ነው። የምታለብሳቸው እሷ ናት። የቀራት አንድ እጅ ስለሆነ ጨርቁን በስፒል ትራሷ ላይ ትወጥረውና በቀኝ እጇ ትዘመዝመዋለች፤ ዝምዝማቱ ከፋብሪካው ማሽን የተሻለ ነው ብላ የምትመሰክረው ራሷ ናት።

ደህና በነበረች ጊዜ አብረው ይወጡ ነበር። እሷ አሻንጉሊቶቹን ታቆማለች፣ ታስቀምጣለች፣ ታስደግፋለች፣ እሱ ያነሳል። አሁን እሷ አልጋዋ ላይ ሆና ታዛለች፣ እሱ ይዟቸው ወጥቶ ያለችው ቦታ ላይ ያቆማቸውና በስልኩ አንስቷቸው ይመለሳል። ፎቶውን ስታይ መጀመሪያ ስህተት ታወጣለች። «ክርኗ ተገትሯል፣ ሰው እንዲህ አይቀመጥም።» «ጥላቸው የታለ? ጥላ ከሌላቸው አሻንጉሊት ናቸው።» ስህተቱ ሲያልቅላት ነው ወደ ኋላ የምትሻገረው። ፎቶውን በጣቷ እያሰፋች ከጀርባቸው ያለውን ትፈትሻለች፤ የሱቁ በር ቀለም ተቀባ፣ ያ ዛፍ ተቆረጠ እንዴ፣ ይቺ የምታልፈው የጸጉር ቤቷ ልጅ አይደለችም፣ ምነው እንዲህ ከሳች? ከተማውን የምታየው በእነሱ ትከሻ ላይ አሻግራ ነው። ይህን ለማንም ነግረውት አያውቁም። ልጃቸው የሚያውቀው አባቱ በዚህ ዕድሜው አስፋልት ዳር በሆዱ ተኝቶ አሻንጉሊት ፎቶ እንደሚያነሳ ብቻ ነው። ባንክ አብሮት የሚሠራ ሰው አይቶ ስቆ ነገረውና ሰሞኑን ሁሉ አኩርፎ ነበር።

ዛሬ ሁለቱም ካፖርት ለብሰዋል። ከአሮጌ የሱፍ ቀሚሷ ላይ የቆረጠችው ጨርቅ ነው፤ ኪስ አለው፣ አንገትጌ አለው፣ የሴቷ ደግሞ መቀነት ጨምሮ።

«በዚህ ሙቀት ካፖርት?» አላት።

«አንተ አትለብሰው፣ ምን ቸገረህ?»

ከዚያ አዘዘች። አሮጌው ማተሚያ ቤት፤ ከበሩ በስተግራ ያለው ረጅሙ ግድግዳ ሥር፤ ጎን ለጎን ቆመው፤ ጥላቸው ግድግዳው ላይ ወጥቶ። ጥላው ሳይወጣ እንዳያነሳ፣ ቢቆይም እንዲጠብቅ አስጠነቀቀችው። ሩቅ ነው እኮ፣ ሁለት ታክሲ ነው ቢላት፣ ለዚያ ነው ከአሁኑ የምትነሳው አለች። ምሳሽስ ቢላት፣ ጎረቤቴ ታመጣልኛለች አለች። ለሁሉም መልስ አዘጋጅታ ነበር። የአሻንጉሊቶቹን ሳጥን፣ ድሮ የግድግዳ ሰዓት የመጣበትን በጥጥ የተሞላ ሳጥን፣ ብብቱ ሥር አድርጎ በሩ ላይ ቆመ። ጠዋት ለምን ዝም አልሽ ሊላት ፈልጎ ነበር።

«ጠዋት…» አለ።

«ምን ጠዋት?»

«ምንም። ዳቦው ትኩስ ነው።»

አለቃ ትክ ብላ አየችው። «አንገትጌህ ተገልብጧል፣ ና ወዲህ» አለችው። ጎንበስ አለላት። በአንድ እጇ አንገትጌውን ገልብጣ መለሰችው፣ ደግሞ አስተካከለችው፣ ደግሞ በመዳፏ ዳበስ ዳበስ አደረገችው። ለአንድ አንገትጌ በዛ። ወገቡን ስላመመው ቀና አለና «ይበቃል፣ ሙሽራ አደረግሽኝ» ብሎ ወጣ።

ታክሲው ውስጥ ሳጥኑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ዋጋ ጨምሯል፤ ረዳቱ ጨምሯል ሲል ተሳፋሪው ሁሉ ከንፈሩን መጠጠና ከፈለ። አጠገቡ የተቀመጠች ሴት «ኬክ ነው?» ብላ ሳጥኑን ጠየቀችው፣ «አይ፣ ሰዎች ናቸው» አላት፣ ሴትየዋም ወደ መስኮቱ ጠጋ አለች። ሌላ ቀን ቢሆን ይህን ይዞ ቤት ይገባና ለአለቃ ይነግራት፣ እሷም ትስቅ ነበር። ዛሬ ግን የልጁ ድምፅ ከጆሮው አልወጣም። አንድ አልጋ ነው የሚያስገባው። መሬት ላይ አንጥፌ እተኛለሁ ቢልስ? ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ አድራለሁ ቢልስ? ለዓመታት እግሯን ሲያሽላት፣ ሲያገላብጣት፣ ሌሊት ውሃ ሲያጠጣት የኖረው አልጋ ላይ ሆኖ ነው እንዴ? ይህን ሁሉ አሰበና፣ ለመናገር ግን መጀመሪያ እሷ ትበል ብሎ መጠበቁን አስታወሰ። እሷ አላለችም።

ማተሚያ ቤቱ ከተዘጋ ቆይቷል። መስኮቶቹ በጣውላ ተመትተዋል፣ ግቢው ውስጥ የዛገ የወረቀት መቁረጫ ይታያል፣ ረጅሙ ግድግዳ ግን እንዳለ ነው፤ ቢጫው ቀለም እየረገፈ ሥሩ ያለው ሰማያዊ ብቅ ብቅ ብሏል። ሰዓት ሠሪው ደርሶ ቆመና ግድግዳውን አየ። ጥላ ውስጥ ነው። ፀሐይ ከሕንፃው ጀርባ ናት፣ ከግድግዳው ላይ አንዲት ስንዝር ብርሃን የለም። ግድግዳው ምዕራብ ነው የሚያየው። አብረው የመጡ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነበር፣ ከፋብሪካው ስትወጣ ጠብቋት፤ አለቃም ይህን ታውቃለች። በየትኛው ሰዓት የትኛው ግድግዳ እንደሚሞቅ፣ የትኛው አጥር ጥላው እንደሚቆራረጥ በቃሏ የምትይዝ ሴት ናት፤ በዚህ ነገር ተሳስታ አታውቅም። ጠዋት ዝም ያለችው ለዚህ ይሆን? ሰውነቷ አልበቃ ብሎ አሁን ደግሞ ሐሳቧ መሸሽ ጀመረ? የማታውቀው ሰፈር፣ የማታውቀው ክፍል ሲወስዷት፣ አንድ ቀን «ያ ሰውዬ የት ሄደ?» ሳትል ብትቀርስ ብሎ ፈራ።

«አባባ፣ ምን ጠፋብዎት?» አለው የማተሚያ ቤቱ ዘበኛ፣ ከበሩ ማዶ ፀሐይ ላይ ወንበር አውጥቶ የተቀመጠ ሰውዬ።

«ፀሐይ» አለ ሰዓት ሠሪው።

ዘበኛው ሳቀ። «እሷ እዚያ ግድግዳ ጋ ከሰዓት በኋላ ነው የምትሄደው። እኔ ወንበሬን ይዤ ስከተላት ነው የምውለው፣ ሌላ ምን ሥራ አለኝ።»

እንግዲህ መጠበቅ ነው። ሥራ ለመፍታት አልፈለገም፣ ሳጥኑን ከፍቶ አቋቋማቸውን ለማስተካከል ግድግዳው ሥር ተንበረከከ። ከጫማቸው ሥር የምስር ፍሬ የምታክል ሰም ያደርጋል፣ አለዚያ ነፋስ ይጥላቸዋል። ከዚያ በወረንጦው የሰዓት ጥርስ እንደሚያስገባ ሰው ትንፋሹን ይዞ ክርናቸውን አጠፈ፤ የወንዱን አንገት ጥቂት ወደ ሴቷ አዞረ። ብዙ ካዞሩት የሚያሽኮረምም ይመስላል፣ ትንሽ ካዞሩት የተጣላ ይመስላል፤ መሃሉን ማግኘት ነው ሥራው። አንድ ጉንዳን በሴቷ ካፖርት ላይ ሽቅብ ሲወጣ በወረንጦው ጫፍ አወረደው። በሆዱ ተኝቶ በስልኩ አያቸው። ከዚያ ዝቅታ ሲታዩ አድገው እንደ ሰው ናቸው፣ ረጅም ግድግዳ ሥር ታክሲ የሚጠብቁ ባልና ሚስት። ብቻ ጥላ የላቸውም። ከትምህርት ቤት የወጡ ልጃገረዶች አልፈውት ሄዱና ጥግ ላይ ሲደርሱ ሳቃቸውን ለቀቁት። ሰዓት ሠሪው ለምዶታል፤ ሳቅ አይገድልም። ዘበኛው ግን መጥቶ አጠገቡ ቁጢጥ አለና ብዙ ካየ በኋላ «እነዚህስ የት ሊሄዱ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ሰዓት ሠሪው ካፖርታቸውን አየ። የት እንደሚሄዱ አላሰበበትም ነበር።

ምሳ ሰዓት ሲሆን ደወለላት። ስህተቷን እንዴት አድርጎ እንደሚነግራት ሲያወጣ ሲያወርድ ቆይቷል። ሰው ሁሉ ይረሳል፣ እኔም ትላንት መነጽሬን ግንባሬ ላይ ሰክቼ ስፈልግ ነበር፣ ሊላት አስቧል። ስልኩን ቶሎ አነሳች።

«አለቃ፣ ይሄ ግድግዳ ምዕራብ ነው እኮ የሚያየው» አላት ቀስ ብሎ።

«አውቃለሁ» አለች።

ድምጿ ውስጥ ምንም መርሳት አልነበረም። በዚህ መሃል ከኋላዋ የምራቱ ድምፅ መጣ፦ «እማማ፣ ብርድ ልብሱን ነው የምናስቀድመው ሻንጣውን?» ዛሬ ሐሙስ ነው። ምራቱ በዚህ ሰዓት መድኃኒት ቤት ነው መሆን ያለባት።

«ጠብቅ እንጂ» አለችው አለቃ። «ጥላው ይወጣል፣ አንተ ብቻ ጠብቅ።» ስልኩ ተዘጋ።

ሰዓት ሠሪው ግድግዳውን ተደግፎ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ቅዳሜ አይደለም፣ ዛሬ ነው። በሩ ከተገጠመ በኋላ የተጎመጎመው ይኸ ነበር፤ ያዘዘችውም እሷ ናት፣ ልጁ ይህን የሚያህል ነገር ከራሱ አያፈልቅም። እሱን ወደማይሞቅ ግድግዳ ልካ፣ ቀኑን ሙሉ እንዲጠብቅ አድርጋ፣ ሲመለስ አልጋው ባዶ ሆኖ እንዲያገኘው። መጀመሪያ ተናደደ፣ እንዲህ ተናዶ የማያውቀውን ያህል። አርባ ዓመት የኖርኩት ከማን ጋር ነው አለ። ከዚያ አንገትጌውን አስታወሰና ንዴቱ ከእጁ ወጣ። ጎንበስ ብሎላት ይበቃል ያላት እሱ ነው። ጥቂት ቢቆይላት ምን ነበረበት? ወገቤን ብሎ ቀና ያለው እሱ ነው። እንባው መጣና አላፈረበትም፤ ዘበኛው ግን ፊቱን ወደ በሩ መለሰለት።

የታዘዘውን ማድረግ ይችል ነበር። ተቀምጦ ቢጠብቅ ፀሐይዋ ትመጣለች፣ ጥላው ይወጣል፣ ያነሳል፤ እሷም የፈለገችው እንዲሁ ሳይተያዩ ማለፉን ነው። ደግሞ በዕድሜው ሙሉ ትእዛዟን ጥሶ አያውቅም። ግን ፎቶው የሚነሳው ለማን ነው? አምጥቶ የሚያሳየው ለማን ነው? ተነስቶ አሻንጉሊቶቹን ከነሰማቸው ሳጥኑ ውስጥ አስተኛቸው።

«ትንሽ ነው የቀራት እኮ፣ ከጣሪያው ልትወርድ ነው» አለው ዘበኛው፣ እውነት አዝኖ።

«እኔ ነኝ መጠበቅ የማልችለው» አለው።

የመጀመሪያው ታክሲ ቶሎ ተገኘ፣ ሁለተኛው ግን መንገድ ተዘጋጋበት። ሰዓት ሠሪው በመስኮት አንገቱን እያወጣ ፊት ለፊቱ የቆመውን የመኪና ሰልፍ ያያል፣ ያስገባል፣ ያወጣል። በሥራ ዘመኑ ሰዎች ሰዓታችን ዘገየብን ብለው ሲመጡ በልቡ ይስቅ ነበር፤ አሁን አልሳቀም። ሰፈሩ ሳይደርስ ወርዶ የቀረውን በእግሩ ሮጠ ማለት ይቻላል፣ ሳጥኑን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ይዞ። የልጁ መኪና ሕንፃው በር ላይ ቆማለች፣ የኋላ በሯ ተከፍቷል። ደረሰ።

ሦስተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ አገኛቸው። ልጁ ከላይ፣ የሕንፃው ጥበቃ ከታች ሆነው የወጥ ቤቱን ወንበር በአራት እግሩ ይዘው እያወረዱ ነው። አለቃ ወንበሩ ላይ ናት፤ እንዳትወድቅ አንሶላ በወገቧና በደረቷ ዞሮ ከወንበሩ መደገፊያ ጋር ታስሯል። ግራ እጇ ጭኗ ላይ ተቀምጧል፣ በቀኝ እጇ የደረጃውን ብረት ትዳብሳለች። የክት ቀሚሷን ለብሳለች። ባሏን ስታየው ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ልጁ ላብ በላብ ሆኖ «አባዬ…» አለ። ጥበቃው ደግሞ ደረጃው ላይ የሚቆጥረው ነገር ያለ ይመስል አቀረቀረ።

«ጥላው ወጣ?» አለች አለቃ፣ ፊቷን ሳትመልስ።

«አልወጣም።»

«ታዲያ ለምን መጣህ?» ድምጿ ተሰበረባት። «እንዲህ እንደ ቁም ሳጥን ተሸክመውኝ እንዳታየኝ ብዬ እኮ ነው፣ አንተ ሰውዬ። ቅዳሜ ድረስ ቁጭ ብለህ እንዳታየኝ፣ እኔም እንዳላይህ። ጠዋት አንድ ቃል ብናገር እዚያው አለቅስ ነበር።»

«አሁን አየሁሽ» አላት። ሳጥኑን እግሯ ላይ አስቀመጠና ጥበቃውን «ልቀቅልኝ ልጄ» ብሎ የወንበሩን አንድ እግር ያዘ። ልጁ «አባዬ፣ ወገብህ» አለ፣ ሰሚ አላገኘም። ሦስት ሆነው ወረዱ፣ በየመታጠፊያው እያሳረፉ። ሰዓት ሠሪው ፊቱ ከጉልበቷ ትይዩ ነበር፤ ሲወርዱ ሁሉ እጇን አናቱ ላይ አድርጋ ቆየች። ለመደገፍ ይሁን ለሌላ ማንም አልጠየቃትም።

ደጅ ሲወጡ ፀሐይዋ ፊቷ ላይ ወረደች። ዓይኗን ጨፈነች፣ ከፈተች፣ ደግሞ ጨፈነች። መንገዱን፣ ሱቁን፣ ገመድ ላይ የተሰጣውን ልብስ፣ በየመስኮቱ ብቅ ያለውን ጎረቤት ሁሉ አየች። «አስፋልቱ ጠበበ እንዴ?» አለች። በፎቶ ሰፊ ነበር የሚመስላት። ምራቲቱ ከመኪናው ወርዳ ትራስ ታስተካክላለች፤ መኪናዋ ትንሽ ናት፣ የኋላው ወንበር ለአለቃ መተኛ ሆኖ ተነጥፎ፣ የቀረው ቦታ በፌስታል፣ በጥቅል ልብስና በመድኃኒት ዘንቢል ታጭቋል። አንስተው አስገቧት። ሰዓት ሠሪው ሊከተል እግሩን ሲያነሳ ልጁ ቀስ ብሎ ክንዱን ያዘው። «ዛሬ ቦታ የለም አባዬ። እሁድ እኔው ራሴ መጥቼ እወስድህና ትውላላችሁ። እሺ?» ሰዓት ሠሪው ራሱን ነቀነቀ። እሺ ከማለት ሌላ የሚያውቀው አልነበረም።

ሳጥኑን ከፈተ። ሴቷን ካፖርቷን እንደለበሰች አወጣትና በመኪናው በር በኩል ዘረጋላት። «እሷን ያዣት፣ አብራሽ ትሁን። እሱ እኔ ጋ ይቀመጣል» አላት።

አለቃ አልተቀበለችውም። አሻንጉሊቷን አየች፣ ሳጥኑ ውስጥ የቀረውን አየች፣ ከዚያ ልጇን አየች።

«አይለያዩም» አለች። ድምጿን ከፍ አላደረገችም፤ ፋብሪካ ውስጥም ነገር ሲጠናባት ዝቅ አድርጋ ነበር የምትናገረው። «ወይ ሁለቱም እዚህ ይቅሩ፣ ወይ ሁለቱም እዚያ ይሂዱ። ዕድሜያቸውን ሙሉ አብረው የኖሩትን በስተርጅና እኔ አልለያያቸውም።»

ምራቲቱ ቦርሳዋ ውስጥ የሆነ ነገር መፈለግ ጀመረች። ልጁ ላቡን በእጅጌው ጠረገ፤ ቀኑን ሙሉ ሲከፋው የዋለ ሰው ነው፣ ከእናቱና ከአባቱ ፊት የሚያመልጥበት ነገር ሲፈልግ የዋለ ሰው ነው፣ አሁን ሊያደርገው የሚችለው አንድ ነገር ሲያገኝ ፊቱ በራ። «ኧረ እማዬ፣ ለነሱማ ቦታ አይጠፋም!» አለ። ቶሎ ጎንበስ ብሎ ጥቅሉን ወዲያ ገፋ፣ ዘንቢሉን ከወንበሩ ሥር ከተተው፣ መስኮቱ አጠገብ ፎጣ አጥፎ አነጠፈና ሴቷን ከአባቱ እጅ ተቀብሎ ሳጥኑ ውስጥ ከወንዱ ጎን አስተኛት፤ ሳጥኑንም እንዳይንገዳገድ በትራስ ደገፈው። ጥሩ ቦታ ነበር። ሲጨርስ ቀና አለና ከአባቱ ዓይን ጋር ተጋጠመ። ያን ጊዜ ነው ያለውን ነገር ራሱ የሰማው። በሩን ገፋ አድርጎ፣ ቀስ አድርጎ ዘጋው።

መኪናዋ ስትሄድ አለቃ አንገቷን ማዞር አልቻለችም። የታየው ቀኝ እጇ ነው፣ ሳጥኑ ላይ። ጥጉን ሲታጠፉ እሱም ጠፋ። ሰዓት ሠሪው እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ፣ የሚይዘው ነገር አጣና መልሶ አወጣው።

ወንበሩ አስፋልት ዳር ቀርቷል፣ አንሶላው ከነቋጠሮው መደገፊያው ላይ እንደተንጠለጠለ። ጥበቃው «እኔ ላውጣልዎት አባባ» ቢለው ተወው አለና ራሱ ተሸከመው። እስከ ሦስተኛው ፎቅ መታጠፊያ ድረስ ወጣ። እዚያ አስቀመጠውና ቁጭ አለበት። ትንሽ ቆይቶ ጎረቤቲቱ ከላይ መጣች፤ ለአለቃ ምሳ ያመጣችበትን ሳህን ይዛ ወደ ቤቷ እየወረደች ነው። ስታየው ደነገጠች።

«ምነው አባባ፣ እዚህ ተቀመጡ? ደከመዎት?»

«አልደከመኝም» አላት።

እውነቱን ነው፣ አልደከመውም። ወደ ላይ የሚወጣበት ምክንያት ነው ያጣው። እግሩን ሰብስቦ አሳለፋት።